ሰባተኛው መስፈርት

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለመምህርት እንቁ፣
ቡሬ

በሚኒባስ ሾፌሩ በተስፋው እጅ የላኩልኝ ደብዳቤ ከትናንት በስቲያ ደርሶኛል። ሰላምታ የሚባል ነገር የለበትም፤ ከስምዎ ቀጥሎ መስፈርት ነው። ጨንቋቸው ነው ብዬ አልተቀየምኩም። የሦስት ወር ልጅ ታቅፎ፣ ርእሰ መምህሩ «ሰኞ ክፍል ካልገባሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ» እያለ ማን ሰላምታ ያስታውሳል? ስለዚህ የሁለታችንንም እኔው ላድርሰው። ለእርስዎ፣ ለሕፃኑ ለደረሰ፣ መንገድ ሥራ ላይ ላሉት ለባለቤትዎ ለአቶ አንዷለም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀዋል። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው አንድ ክፍል ቤት «እህተ ማርያም፣ የሞግዚትና የቤት ሠራተኛ አገናኝ» የሚል ሰሌዳ ሰቅዬ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፈቃድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ። ከአውቶቡስ የወረደችውን ሁሉ በክንዷ ይዘው ለመጣ ሰው ከሚያስረክቡት ደላሎች ጋር እንዳይቆጥሩኝ። እኔ አንዲት ልጅ ከመላኬ በፊት ሳምንት ቤቴ አስቀምጣታለሁ። ስትበላ አያታለሁ፣ ስትቆጣ አያታለሁ፣ ሕፃን ሲያለቅስ የሚቀድመው እግሯ ነው ወይስ አፏ ብዬ አያታለሁ። አፏ የሚቀድመውን ለሱቅ ነው የምልካት።

በሁለት ሳምንት ሦስት ሞግዚት ቀያይረዋል አሉ። እሱማ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሁንም እየሮጡ ነው የጻፉልኝ፤ ዕድል ሆኖ ግን የምልካት ልጅ አለችኝ። ያምሮት ትባላለች። ከማንኩሳ በላይ ካለው ገጠር ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ነው።

መስፈርትዎ አሥራ አንድ ነው። ለመንግሥት ሥራ የሚወዳደር ሰው እንኳ ይህን ያህል አይጠየቅም፤ ቢሆንም ልመልስ። ንጽሕናዋን ሕፃኑን ከመንካቷ በፊት እጇን ስትታጠብ ያዩታል። ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ የመድኃኒት ሰዓት አንብባ ትሰጣለች። የሰው ዕቃ አትነካም፤ ቤቴ ውስጥ ያልቆለፍኩት ብዙ ነገር አለ። «ጓደኛ የማታበዛ» ብለዋል፤ ጓደኛዋ እኔ ብቻ ነኝ። ሰባተኛው ላይ «ልጅ የሌላት» ብለው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ያምሮት ልጅ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ፣ የሕፃን አያያዝ ማንም ሳይነግራት የምታውቅ ናት። ተያዥዋ ማን ነው ላሉት እኔ ራሴ ነኝ። ብትጠፋ እኔን ይያዙኝ፤ በዚህ ጉልበቴ ሩቅ አልሮጥም።

በእኔ በኩል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ጠዋት ወጥታ እኔ ዘንድ ትውላለች፤ ሳይመሽ ትመለሳለች። ይህን አይከልክሏት።

ደብዳቤውን ይዛ የምትደርሰው ራሷ ናት። መጀመሪያ ምሳ ይስጧት፤ ከዚያ ልጁን።

እህተ ማርያም


ቡሬ፣ የካቲት 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እትዬ እህተ ማርያም፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? ሰላምታዬን የት እንዳስቀመጥኩት ይዩልኝ። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ልጁን በአንድ እጄ አቅፌ ነበር፤ አፍሬበታለሁ።

ያምሮት መጣች። ምሳም ሰጠኋት፤ ልጁንም ሰጠኋት። እውነቱን ልንገርዎት፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ። በእሷ ጥፋት አይደለም። ደረሰ ጡጦ አልቀምስም አለ። እኔ ጠዋትና ማታ አጠባዋለሁ፤ ቀን ግን አስተምራለሁ። የላም ወተት አፍልታ፣ አብርዳ፣ ጡጦውን ገና ወደ አፉ ስታስጠጋው ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። ሰኞም ማክሰኞም በእረፍት ሰዓት እየሮጥኩ ስደርስ ሁለቱም በላብ ተጠምቀው አገኘኋቸው። ረቡዕ ጠዋት ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እየጻፍኩ በልቤ ግን የሥራ መልቀቂያዬን እጽፍ ነበር።

ለምሳ ስመጣ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሞቷል ብዬ ደብተሮቼን በሩ ላይ ጥዬ ገባሁ። ልጄ እጆቹን ዘርግቶ ተኝቷል፤ ከአገጩ ላይ ወተት ደርቋል። ጡጦው ታጥቦ ተዘቅዝቋል። «ተቀበለሽ?» ስላት «ጠገበ፣ እታለም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ይጠግባል። ያን ዕለት ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደስታ አለቀስኩ፣ እትዬ። ርእሰ መምህሩም ከእንግዲህ ስሜን ሲጠራ ፊቱን አያጠቁርም።

እሑድ ወደ እርስዎ ስትመጣ ጡጦውን እኔ ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ዓይቶት የማያውቅ ይመስል ተፋው። የእሷን እጅ ለምዶ ነው መሰለኝ።

ሁለት ነገር ልለምንዎት። አንደኛ፣ በእናቴ ዕድሜ ነዎት፤ አንቺ ይበሉኝ። ሁለተኛ፣ ተስፋው እርስዎ ቤት ሕፃን ስታለቅስ ሰማሁ ይላል፤ የማን ናት?

የእርስዎው እንቁ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፣

ጾሙን የሰላም ያድርግልን። ይኸው አንቺ አልኩሽ። አስቸግሮኝ ሳይሆን መምህርን እርስዎ ማለት ስለምወድ ነው የዘገየሁት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣ የልጅ ልጅ ካላቸው ሴቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ያስተማረችን ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እስከ ዛሬ ባገኛት አንቺ አልላትም።

ለምን ስልክ አልደውልም ብለሽ እንደሆነ፣ በስልክ የተነገረ ነገር ምስክር የለውም። በዚያ ላይ ቴሌ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ፣ የቤቴን ጉዳይ ከኋላዬ ለቆመ ሁሉ ማሰማት አልወድም።

ልጁ በመጥገቡ ደስ ብሎኛል። እንዴት ተቀበለ ብዬ ያምሮትን ስጠይቃት ሳቅ አለች እንጂ አልነገረችኝም። አንዳንድ ሰው እጁ ይባረካል።

ተስፋው ከመንገዱ ይልቅ ጆሮው ይፈጥናል። የሰማት ሕፃን የአደራ ልጅ ናት። እናቷ ሥራ ላይ ናት። ከደረሰ ጋር ዕድሜያቸው ይቀራረባል። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በሆዷ ተገለበጠች፤ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። እጄን አጨበጨብኩላት። ስንት ሰው ሊያይላት የሚገባውን ነገር አንዲት አሮጊት ብቻ አየችው ብዬ ደግሞ አዘንኩ።

ያምሮት ስታለቅስ አይተሻት ታውቂያለሽ? እንዲሁ ነው የምጠይቅሽ። ብታያት አትጠይቂያት፤ ሥራ ስጫት።

እህተ ማርያም


ቡሬ፣ መጋቢት 16 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ፤ ፈተና ሳርም ነው የከረምኩት። ደህና ነን። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነን።

ደረሰን ለክትባት ወስጄው ነበር። ነርሷ ሚዛን ላይ አስቀምጣው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። «ምን እያበላሽው ነው?» አለችኝ። «የእኔን ጡት ጠዋትና ማታ፣ ቀን የላም ወተት በጡጦ» አልኳት። «የላም ወተት እንዲህ አያደርግም» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ያምሮት ጡጦውን እንዴት እንደምትቀቅል፣ ወተቱን እንዴት እንደምታጠልል ለተሰለፉት እናቶች ሁሉ አወራሁላቸው። የሥራ ባልደረባዬ ይታገሱ በቅርቡ ትወልዳለች፤ ከእርስዎ ዘንድ ሞግዚት ለመጠየቅ መስፈርቴን ገልብጣ ወስዳለች።

ስታለቅስ አይቻታለሁ ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ አንድ ቀን። ደረሰ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለበጠ ዕለት ነው። እኔ እልል ስል እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። እንዳሉኝ አልጠየቅኋትም፤ ሽንኩርት እንድትልጥ ሰጠኋት።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጄ ከእሷ ደረት ላይ ሆኖ ያየኛል፤ ፈገግ ይልልኝና መልሶ ፊቱን ወደ እሷ ያዞራል። ትንሽ ይቆረቁረኛል። ወዲያው ደግሞ ምን ነካሽ እላለሁ፤ ለልጄ የለመንኩት የሚወደውን ሰው አልነበረም? ከመስከረም ጀምሮ የማታ ትምህርት ላስመዘግባት አስቤአለሁ። እንዳትሄድብኝ ብቻ ነው የምፈራው። ስለ ቤተሰቧ ብጠይቃት «እትዬ እህተ ማርያም አሉኝ» ከማለት ሌላ አትመልስም። ማወቅ የሚገባኝ ነገር ይኖር ይሆን?

እንቁ


ቡሬ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወይዘሮ እህተ ማርያም፣

ዛሬም ሰላምታ የለበትም። ቢቀየሙም ይቀየሙ።

ቅዳሜ ለፋሲካው ዶሮ ቅቤ ልገዛ ዘንቢል ስይዝ ያምሮት «እታለም፣ አይግዙ፤ አለ» አለችኝ። ከአልጋዋ ሥር ቅል ሳበች። ውስጡ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ከኪሎ የሚበልጥ፣ ለጋ። «ከየት አመጣሽው?» አልኳት። «ከደረሰ ወተት ነው እንጂ! ልድፋው ብል አላስችለኝ አለ። በጾሙ የሚጠጣው የለ። እየገፋሁ አጠራቀምኩልዎ» አለችኝ። እንዴት ኮርታ እንደነበር! አሬራውን ለጎረቤት ልጆች ስትሰጥ ከርማለች፤ ሠፈሩ ሁሉ ሲያውቅ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ወተቱ ሁሉ እዚህ ቅል ውስጥ ካለ ልጄ ምን ጠጥቶ ነው የወፈረው? ጠየቅኋት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረችኝ። ልጅ አላት። ፍሬሕይወት ትባላለች። እርስዎ ቤት ናት፤ ተስፋው ስታለቅስ የሰማት፣ በሆዷ የተገለበጠችው፣ እሷ ናት። ባሏ ሁለት ክረምት ሑመራ ሰሊጥ አርሟል፤ ከሁለተኛው አልተመለሰም።

የጥር ወር ደብዳቤዎን አውጥቼ አነበብኩት። ሰባተኛው ላይ አልዋሹኝም። ቢዋሹኝ ይሻለኝ ነበር፤ እንደ ሞኝ ባልቆጠሩኝ።

እትዬ፣ እኔ የትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ኃላፊ ነኝ። በሽታው በጡት ወተት እንደሚተላለፍ በሰልፍ ሰዓት ለስድስት መቶ ልጅ የምናገረው እኔ ነኝ። ሑመራ ደርሰው ስለሚመለሱ ወንዶችም የምናገረው እኔው ነኝ። ልጄ ሁለት ወር ከምናምን የማን ደም እንዳለበት የማላውቀውን ጡት ሲጠባ ግን እጄን አጣምሬ ሰላም አለ ብዬ ተቀምጫለሁ። አንዷለም ለበዓሉ መጥቷል። ዶሮውን በዘይት ሠራነው፤ የቀመሰው የለም።

ነገ ጠዋት ለደም ምርመራ ጤና ጣቢያ ይዣት እሄዳለሁ። እሺ ብላለች። እስከዚያ ልጁን እንዳትነካው ብያታለሁ። ኩሽና ተቀምጣለች። እሱ ወደ ኩሽናው እያየ ያለቅሳል።

እንቁ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፣ ልጄ ማለት ከፈቀድሽልኝ፣

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህን ተረት ለሌላ ሰው ስተርት ኖሬአለሁ፤ በራሴ ላይ ሲነጋ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ያምሮት በታኅሣሥ ወር ደጄ ላይ ስትቆም የሁለት ወር ልጅ አዝላ ነበር። ባሏ የአምስት ወር እርጉዝ ትቷት ሑመራ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ወሬው የለም። የባሏ ቤተሰቦች «እሱ ሲመጣ ትመጫለሽ» ብለው ሸኟት። እናቷ ሞታለች። በአባቷ ቤት ሌላ ሴት አለች። እኔ ዘንድ ሳምንት ሳስቀምጣት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደሷ ያለ ሕፃን ያዥ አላየሁም። ይህን ብዬ አንዱን ቤት ጠየቅሁ፤ «ልጇን ትታ ትምጣ» አሉ። ሌላውን ጠየቅሁ፤ ያው። ስምንት ቤት፣ እንቁ። አንደኛዋ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እያጎረሰች ነው «ሁለት ልጅ ቤቴን ሊያጮህብኝ?» ያለችኝ። ያንቺ ደብዳቤ ዘጠነኛው ነው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ አነሳሁና ያን የተጠማዘዘ መልስ ጻፍኩልሽ። ፍሬሕይወትን እኔ ዘንድ አስቀረኋት።

ጡት ማጥባቷን አላውቅም ነበር። በማርያም፣ ይህን እመኝኝ። ግን ማወቅ ነበረብኝ። በየሁለት ሳምንቱ ስትመጣ ልጇን ታጠባለች፤ ወተቷ ለምን አልነጠፈም ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ ወልጄ አላውቅም፤ የማላውቀውን ነገር ዝም ማለት ጨዋነት ይመስለኛል። የደሙንም ነገር አላሰብኩትም። አንቺ ያነበብሽውን እኔ አላነበብኩም። ይህ ግን ምክንያት አይሆነኝም፤ ተያዥ ነኝ ብዬ ፈርሜአለሁና ጥፋቱ የኔ ነው።

ስለ እሷ አንድ ቃል ልናገር። በአገራችን ጡት ማጥባት ቀላል ነገር አይደለም። ጡት ያጠባች እናት ናት፤ የጠባው የጡት ልጇ ነው፤ ልጆቿም ወንድምና እህቶቹ ናቸው። ይህ ግን ወላጅ አውቆት፣ ሰው ሰምቶት የሚደረግ ነው። እሷ ተደብቃ አደረገችው። የተራበ ልጅ ፊቷ ላይ እየጮኸ፣ ጡቷ ለሌላ ልጅ ሞልቶ ልብሷን እያራሰ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር ብዬ ልጠይቅሽ አሰብኩና ተውኩት። አሁን መጠየቅ የምችል ሰው አይደለሁም።

ብታስወጫት አልፈርድብሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። መናኸሪያ በር ላይ ቆማ ደላላ እንዳያያት። በቀን፣ በተስፋው መኪና አሳፍሪያት፤ እኔ ወርጄ እቀበላታለሁ።

ዛሬ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የሁለቱንም ሕፃናት ስም ለጸሎት ሰጥቻለሁ። የደረሰን የክርስትና ስም ስለማላውቀው «የእንቁ ልጅ» ብያለሁ። እግዚአብሔር አያጣውም።

እህተ ማርያም


ቡሬ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ፣ ነጻ ናት!

ይህን ከሰላምታ ያስቀደምኩት ደብዳቤውን ከፍተው ሰላምታዬን እያነበቡ አንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳይጨነቁ ነው። አሁን ቁጭ ይበሉ። እንደምን አሉ?

ማክሰኞ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን፤ እኔ፣ በመካከላችን ባዶ ቦታ፣ ከዚያ እሷ። ደረሰ እኔ እቅፍ ውስጥ ነበር። ውጤቱን ለብቻዋ ነው የምንነግራት ብለው አስገቧት። ስትወጣ ፊቷ ላይ ደም የለም። እኔን አልፋ ሄዳ ግንቡ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። አለቀ አልኩ፤ በእውነት አለቀ አልኩ። ወደ እሷ ሄድኩ። ቀና ብላ «ነጻ ነሽ አሉኝ» አለች። ከዚያ «እታለም፣ ካረገዝኩ ጀምሮ ስፈራ ነበር። ለማን እንደምነግረው አላውቅም ነበር» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ሦስት ቀን ለአንድ ልጅ ፈራሁ። እሷ ዓመት ሙሉ ለራሷና ለልጇ፣ ከጥር ወዲህ ደግሞ ለሦስት ነፍስ፣ ብቻዋን ፈርታለች። «እየፈራሽ ለምን አጠባሽው?» ብዬ ጮኼባታለሁ፤ አልደብቅዎትም። «የራሴንም እየፈራሁ ነው የማጠባት፤ ሌላ የምሰጣት የለኝም» አለች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መምህርት መሆኔን፣ ሰው እንደሚያየኝ፣ ሁሉንም ረሳሁት። አማካሪዋ ባሏ ከተለያት አሥር ወር ስላለፈው ሌላ ምርመራ አያስፈልጋትም ብላለች። ለመተማመኛ ደረሰንም አስመረመርኩ፤ ደህና ነው።

ደረሰ ሦስት ቀን ሙሉ የእኔ ወተት አልበቃው ብሎ፣ ጡጦውንም እየተፋ ጮሆ ከስቶ ነበር። እዚያው ግንቡ ሥር ሁለት እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። እሷ አልነካችውም፤ እኔን አየችኝ። ሰጠኋት። ሲጠባ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ዓይኔን አልመለስኩም። ልጄ እየዋጠ ሲተነፍስ ስሰማ ከቅዳሜ ጀምሮ ይዤው የነበረውን ትንፋሽ እኔም ለቀቅሁት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከጤና ጣቢያ ስመለስ ነው። አልተቀየምኩም አልልም፣ እትዬ፤ ተቀይሜአለሁ። ምናለ በጥር ወር ጠይቀውኝ ቢሆን ብዬ ስናደድ ነበር። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ። ቢጠይቁኝ እምቢ እል ነበር። ሁለት ጊዜ አስምሬበት የለ? ዘጠነኛዋ ቤት እኔ እሆን ነበር። ይህን ሳስብ ንዴቴ በርዶ እፍረቴ ይመጣል።

እና አሁን ልለምንዎት። ፍሬሕይወትን ይላኩልን። ለአንዷለም ስነግረው «ሁለት ከሆኑ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ያዳምጠዋል» አለ፤ ወደ ሥራው ሳይመለስ አልጋዋን ከሣጥን እየሠራ ነው። ቤቴ ይጮኻል፤ ይጩኽ። የጡት ልጅነቱንም ሥርዓቱን እናድርስ። የንስሐ አባታችንን ጠይቄአቸው «ኋላ የመጣ ሥርዓትም ሥርዓት ነው» ብለውኛል። ዳግም ትንሣኤ ዕለት ጎረቤት ይጠራል፤ እርስዎም ይምጡልን። ያን ቅቤ አልደፋሁትም። የሁለቱም ልጆች አናት ላይ እንቀባዋለን።

የእርስዎው እንቁ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፣

«ነጻ ናት» የምትለዋን ቃል ካነበብኩ በኋላ ሌላውን ለማንበብ መነጽሬን ሦስት ጊዜ ጠረግሁ። ጎረቤቶቼ የምን እልልታ ነው ብለው መጡ። ሥራ ነው አልኳቸው።

ፍሬሕይወት ይህን ደብዳቤ ይዛ ትደርሳለች፤ ተስፋው ሚስቱን ይዟል፣ እሷ ታቅፋታለች። ቀስ ብለህ ንዳ ብዬ አስምዬዋለሁ። የምትወደውን ልንገርሽ። ድንች በትንሽ ጨው ተፈጭቶ ትወዳለች። ሰው ሲያስነጥስ ትስቃለች። የአውቶቡስ ጥሩምባ ሰምታ ነው የምትተኛው፤ መናኸሪያ ፊት ለፊት አድጋለችና ጸጥታ ያስፈራታል። ያንቺ ቤት የሚጮኽ ከሆነ ይስማማታል።

ዳግም ትንሣኤ ነይ ብለሽኛል። አልመጣም። ጉልበቴን አሳብቤ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ የተጠማዘዘ መልስ አልጽፍልሽም። የማልመጣው ስለማፍር ነው። አንቺ ይቅር ብትዪኝም እንኳ፣ በዚያ ሁሉ ጎረቤት መካከል ያቺ ሴትዮ ናት ተብሎ መቀመጥ ይከብደኛል።

ቤቱ ከአሁኑ ጸጥ ብሏል። ለስንቱ ቤት ሞግዚት ሳገናኝ ኖሬአለሁ፤ ልጅ ከቤት ሲወጣ ምን እንደሚመስል ግን ዛሬ ነው ያወቅሁት። ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው። ደስ ብሎኝ እያለ ነው የማለቅሰው።

ጠዋት በርዶ ስለነበር በነጠላዬ ጠቅልያታለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ያለኝ ነጠላ እሱው ነውና በተስፋው መልሺልኝ።

እህተ ማርያም


ቡሬ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እትዬ እህተ ማርያም፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ አምስታችንም ደህና ነን፤ አንዷለም ዛሬ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሥርዓቱ ደርሷል። ያምሮት በጎረቤት ፊት «የጡት ልጄ ነው» አለች፤ እኔም «ልጄ እህት አገኘ» አልኩ። ቅቤው ተቀብቶ ሲቀልጥ የሁለቱም ዓይን ውስጥ ገብቶ ሁለቱም አብረው ጮኹ። ያቺ ሴትዮ የታለች ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። «ልጅቷን ያሳደጉት እትዬ ለምን አልመጡም?» ብለው የጠየቁኝ ግን አራት ናቸው።

ባልደረባዬ ይታገሱ በሚቀጥለው ሳምንት ትጽፍልዎታለች። የገለበጠችውን መስፈርት ተቀብዬ ሰባተኛውን ሰርዤባታለሁ። አሥር ቀርቷል፤ ለአሥሩም ይሞግቷት።

ነጠላውን ስለመመለስ። አልችልም፣ እትዬ። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ለተስፋው ልሰጠው ነበር፤ ፍሬሕይወት ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳችን። ድንች ፈጭተን ሰጠናት፣ አስነጠስንላት፣ ያምሮት ጡቷን ሰጠቻት፣ እኔ እንደ አውቶቡስ ጥሩምባ ጮኽኩላት። እምቢ። በሦስተኛው ቀን ያምሮት ነጠላውን አውጥታ አጠገቧ አስቀመጠችው። ጥለቱን በጡጫዋ ጨብጣ፣ አፍንጫዋን ቀብራበት ወዲያው ተኛች። አሁን ደግሞ ደረሰ ሌላኛውን ጫፍ ይዟል።

ስለዚህ ከፈለጉት ራስዎ መጥተው ከእጃቸው ያስለቅቁት። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ የተስፋው መኪና የፊት ወንበር የእርስዎ ነው፤ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ ምሳ እንሰጥዎታለን፤ ከዚያ ልጆቹን።

ልጅዎ እንቁ